በወረቀት የማይነገር

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.
ዕለቱ ሐሙስ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ አልቆመም፤ ፀሐይ ግን አለች። የተገኙት፦ የኔታ፣ እኔ፣ ጎረቤታችን ሙሉነሽ። ሙሉነሽ አልተጠራችም፤ ሽሮ ልትበደር መጥታ ተቀመጠች።

ለወንድም ዓለም አንዳርጋቸው ወልደ ሐዋርያት፣

የሄድህበት አገር ሰማዩ ይቅለልህ፣ ምድሩ ይልመድህ። ሁላችንም በሕይወት አለን።

ደብዳቤህ በሃያ ሦስት ቀኑ ደረሰ። ፋብሪካው በር ላይ ነው የሰጡኝ፤ ፈረቃዬ እስኪያልቅ ጉያዬ ውስጥ ያዝሁት። ቤት ስገባ አባትህ የኔታ ገና ሳልናገር «ወረቀት ይሸተኛል፤ የልጁ ነው» አሉ። ዓይናቸው አሁን የሚለየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ፈረንጆችን አማርኛ አስተምራለሁ ያልህበት ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ያስቆሙኛል።

«መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት?» አሉ።

«ወንበር ላይ ነው የኔታ።»

«ወንበር ላይ የተማሩት ከወንበሩ ሲነሡ ይቀራል» ብለው ሳቁ። አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማረ ሰው ወንበር አይወድም። ሙሉነሽ ደግሞ ጣልቃ ገብታ፣ «ምን ሊያደርጉት ነው አማርኛውን? እኛን እንኳ ብዙም አልጠቀመን» አለች።

በሕይወት አለን ብዬ የምጀምረው ለምን እንደ ሆነ ታውቃለህ። በስልሳ አራት ዓ.ም. እናትህ፣ አክስቴ፣ ስታርፍ አንተ አዲስ አበባ ትማር ነበር። እኔ ፊደል የለየሁት በዚያው ዓመት ነው፤ ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ። የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ያ ሆነ። ቀኑን፣ አየሩን፣ በቀብሩ የተገኙትን አንድ በአንድ ጻፍሁ። መጻፍ በመቻሌ ደስ ብሎኝ እንደ ነበር ዛሬም አልክድም። አንተ ፖስታ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመህ፣ ብቻህን አነበብኸው። ሁለት ዓመት ወደ ቤት አልመጣህም። የኔታ ስለዚህ ነገር የተናገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ጽጌ፣ መርዶ የሚያረዳው ሰው ነው፤ ወረቀት የሚደግፍበት እጅ የለውም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ዳግመኛ በወረቀት ላልጽፍ ምያለሁ።

የቀረው እንደምታውቀው ነው። ያው ፈትል ክፍል ነኝ፤ የተበጠሰ ክር ስቀጥል እውላለሁ፤ ፈረቃዬ ሲዞር ስቀጥል አድራለሁ። ስተኛም ጣቶቼ አያርፉም። እሑድ እሑድ ስብሰባ አለ።

ከዚያ አገር ብርድ ይሠውርህ፤ የኔታ «እግዚአብሔር አንደበትህን ይባርክ» ብለውሃል።

እኅትህ ጽጌ

*

ላይፕዚግ፣ ጥር 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

እታለም ጽጌ፣

የኔታን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እኔም በሕይወት አለሁ፤ እንዳንቺ መጀመሪያ ልጻፈው።

ስለ ሥራዬ ጠይቃችኋል። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከተማው የሚሞቀው በድንጋይ ከሰል ስለ ሆነ ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ አንገትጌው ጥቁር ነው። ተማሪዎቼ ስድስት ናቸው፤ ሁሉም ወደ ኢትዮጵያ ለሥራ የተመደቡ። ሁለት ሐኪሞች፣ ሁለት የትራክተር መካኒኮች፣ ክሪስታ የምትባል ነርስ፣ ፎግት የሚባል ስልሳ ዓመት ያለፈው ቀያሽ።

ሰላምታ ሳስተምራቸው ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቆመው ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጠያየቃሉ። እንዴት ሰነበቱ፣ ልጆች ደኅና ናቸው፣ ከብቱ ደኅና ነው፣ ጎረቤቱ፣ አዝመራው። አንዱ መካኒክ ሰዓቱን እያየ ቆየና፣ «መምህር፣ አራት ደቂቃ ሆነ። እስካሁን ማንም ምንም አልተናገረም» አለኝ። ሽማግሌው ፎግት፣ «ተናገሩ እንጂ። ማንም እንዳልሞተ ተነጋገሩ» አለው። አሥር ዓመት አማርኛ ሳስተምር ይህን አላየሁትም ነበር።

እታለም፣ ደክሞኛል። ድካሜ ከሥራው ብዛት አይደለም። ቀን ሙሉ ቋንቋዬን ቆራርሼ፣ አለዝቤ፣ በትንንሹ አጎርሳቸዋለሁ። ማታ እኔን የሚያጎርሰኝ የለም። ቤት ስገባ ከራሴ ጋር እንኳ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል መናገር ጀምሬአለሁ። በከተማው የነበረው አንድ ያገራችን ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ሄደ። አሁን እኔ ብቻ ነኝ።

ሁለት ነገር ልለምንሽ። አንደኛው፣ ደብዳቤሽን ለተማሪዎቼ ላነብላቸው ፍቀጂልኝ። መጽሐፋችን ውስጥ ያሉት ደብዳቤዎች ሰው የጻፋቸው አይመስሉም። ያንቺ ግን ገና ሲጀምር እንደ ቃለ ጉባዔ ማን እንደ ተገኘ ይናገራል፤ ሽሮ ልትበደር የመጣችው ሳትቀር።

ሁለተኛውን ታውቂዋለሽ። የፖስታ ሳጥኔን ዛሬም ፊቴን አዙሬ ነው የምከፍተው። የኔታ አርጅተዋል፤ ልጅ አይደለሁም፣ አውቃለሁ። ግን እንደዚያ ቀን አይሁን። እዚህ ብወድቅ የሚያነሣኝ ሰው የለም።

ወንድምሽ አንዳርጋቸው

*

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 6 ቀን 1976 ዓ.ም.
ዕለቱ ሐሙስ። ሙቀቱ በርትቷል፤ ሐይቁ ሸሽቶ ዳር ያሉት ድንጋዮች ወጥተዋል። የተገኙት፦ የኔታ፣ እኔ፣ ሙሉነሽ፣ እንዲሁም ከቁንዝላ በጀልባ የመጡት አባ ገብረ መስቀል። የኔታን ሊጠይቁ ሎሚ ይዘው መጡ። ቅኔ የተማሩት ከየኔታ ስለ ሆነ ዛሬም ፊታቸው አይቀመጡም።

ለወንድም ዓለም አንዳርጋቸው፣

ከባዕድ ሰው መሐል የሚጠብቅህ አይተኛ። ሁላችንም በሕይወት አለን።

ደብዳቤዬ በሰው ፊት ይነበብ ያልኸውን ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥሁ ሴት ለሐኪም አስተማሪ ልሁን? የኔታ ግን፣ «ይነበብ። አንቺ ምን ሰረቅሽና ትደብቂያለሽ?» አሉኝ። ቀጥለውም እንዲህ ብለህ ጻፊ ብለው አዘዙኝ፦

«ስድስቱም በየራሳቸው እጅ አንድ አንድ ገጽ ጽፈው ይላኩልኝ። ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ አገራቸውን፣ የሚኖሩበትን መንገድና የቤት ቁጥር ይጻፉ። የማላውቀውን ተማሪ አላርምም።»

ሙሉነሽ «ሚስት የሌለው ካለ እሱንም ይጻፍ» ስትል አባ ገብረ መስቀል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የኔታ ሳቁ። ሲስቁ ሳል ያዛቸው።

ስለ ሳሉ ከዚህ በላይ እንዳልጽፍ አሁን በእጃቸው እያመለከቱኝ ነው።

ለሁለተኛው ልመናህ መልሴ ያው መሐላዬ ነው። ወንበራቸው ላይ ያሉት ተማሪዎችህ ይባረኩ።

እኅትህ ጽጌ

*

ላይፕዚግ፣ ግንቦት 5 ቀን 1976 ዓ.ም.

እታለም፣

ስድስቱንም ገጽ በዚህ ፖስታ ልኬአለሁ። የኔታ እንዳዘዙት ነው፤ አላረምሁላቸውም። ደብዳቤሽን ሳነብላቸው ሙሉነሽ ላይ ስደርስ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ከሁለቱ መካኒኮች አንዱ ሚስት የለውም፤ ይህን ንገሪያት።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገርሽ። ክሪስታ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው። በሽተኛ ሲሞት ለዘመዱ ምን ብዬ እነግራለሁ?»

«አትነግሪም» አልኋት።

«ታዲያ ማን ይነግራል?»

ማስተማር አለብኝና አስተማርሁ። ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል አልሁ። በዕድሜ የገፋው ከፊት ይሆናል። ሊነጋጋ ሲል፣ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ ይሄዳሉ። ቆሞ ሳለ አይነግሩትም፤ ያስቀምጡታል፤ ጠንካራ ሰዎች ግራና ቀኝ ይሆኑለታል። ከተነገረው በኋላ ሦስት ቀን ብቻውን አይተዉትም፤ እህል ከውጭ ይመጣለታል። ጥቁር ሰሌዳውን ሞላሁት። አንዱ ሐኪም፣ «ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ይህ ሁሉ ሰው?» አለ።

«ዓረፍተ ነገሯማ ቀላል ናት» አልሁት።

ሁሉም ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። ደወሉ ሲደወል ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

የኔታ ሳላቸው እንዴት ሆነ? አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍሽልኝ።

ወንድምሽ አንዳርጋቸው

*

ላይፕዚግ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1976 ዓ.ም.

እታለም ጽጌ፣

ከመጋቢት ወዲህ ደብዳቤ አላየሁም። ፖስታው ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ሁለት ወር ጠበቅሁ። እዚህ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ተማሪዎቹ ለዕረፍት በየአገራቸው ሄደዋል። ከሰው ጋር ከተነጋገርሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው፤ ዳቦ ሻጯን ካልቆጠርሁ።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ውሌ ሳያልቅ አይሆንም ተባልሁ።

እስከ መስከረም መባቻ ካንቺ አንድ ነገር ካልመጣ ለቀበሌው ቴሌግራም እልካለሁ። አባቴ እንዴት እንዳሉ እነሱ ይመልሱልኝ።

አንዳርጋቸው

*

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.
ዕለቱ ረቡዕ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባርቷል።

ለወንድም ዓለም አንዳርጋቸው፣

ጤና ይስጥህ። የዘገየሁት በፋብሪካው ሥራ ነው። የተማሪዎችህ ገጾች ደርሰዋል፤ ለየኔታ አንብቤላቸዋለሁ፤ የፎግትን ወደዱት። የኔታ ደኅና ናቸው፤ ሰላም ይሉሃል።

ለቀበሌ ቴሌግራም አትላክ። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አጥር ያስቀባሉ፤ ቴሌግራም የሚያይ ሰው የለም። እኔ እጽፍልሃለሁ።

ክረምቱ ከባድ ነው።

እኅትህ ጽጌ

*

ላይፕዚግ፣ መስከረም 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ቴሌግራም አልላክሁም።

ብዙ ጊዜ አነበብሁት። ለክፍል አላነበብሁትም። ማን እንደ ተገኘ አልጻፍሽም። ያንቺ ደብዳቤ ሰው የሌለበት ሆኖ አያውቅም።

አልጠይቅሽም። ብጠይቅሽ ወይ ትዋሺኛለሽ፣ ወይ ትነግሪኛለሽ፤ ሁለቱንም አልችልም።

ትምህርት ተከፍቷል። ስድስቱ አማርኛቸው ጎልብቷል። ፎግት ምሳሌ መጥቀስ ጀምሯል፤ ቦታውን ይስተዋል እንጂ ምሳሌው ልክ ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደናንተው ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ አዲስ ጀማሪዎች ይሰጡኛል፤ ገና «ሰላም» ማለት የማይችሉ። ወደ ክፍል ስሄድ እግሬ ይከብደኛል። ማስተማር ግን አላቆምሁም፤ ሳስተምር አላስብም።

ወንድምሽ አንዳርጋቸው

*

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ፎግት እና ለተከበሩ ወይዘሪት ክሪስታ፣

እኔ የመምህራችሁ የአንዳርጋቸው እኅት ጽጌ ነኝ። አድራሻችሁን ያገኘሁት ለየኔታ ከጻፋችሁት ገጽ ላይ ነው። በአጭሩ እጽፋለሁ፤ የማይገባችሁ ቃል ካለ ከመዝገበ ቃላት ፈልጉ እንጂ መምህራችሁን አትጠይቁ። ይህን ደብዳቤ እንዳያይ።

የመምህራችሁ አባት የኔታ ወልደ ሐዋርያት ሞተዋል። ያረፉት ነሐሴ 8 ቀን ነው። ልጃቸው አያውቅም። በደብዳቤ አልነግረውም፤ የእናቱን ሞት በደብዳቤ ነግሬው ጎድቼዋለሁ። እዚያ አገር ዘመድ የለውም። እናንተ ብቻ ናችሁ ያላችሁለት።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር እሱ ራሱ አስተምሯችኋል። ደብተራችሁን ተመልከቱ። እኔ የምጨምረው ትንሽ ነው።

እሑድ ቀን ሂዱ፤ ትምህርት አይኖርም። ስድስታችሁም ሂዱ። አቶ ፎግት ይናገሩ፤ ሌላው ዝም ይበል። ወረቀት አትያዙ፤ በቃል አጥኑት። የሚባለው ይህ ነው፦ «መምህር፣ አባትዎ የኔታ ወልደ ሐዋርያት አርፈዋል። ነሐሴ 8 ቀን፣ በቤታቸው፣ በዘመድ መሐል አረፉ። እግዚአብሔር ያጽናዎ።» ሌላ አትጨምሩ። ምክንያት አትንገሩት፤ ለምን ቆየ ቢላችሁ «ጽጌን ይጠይቁ» በሉት።

ከፍ ባለ ድምፅ ያለቅሳል። አገራችሁ እንዲህ እንደማይለቀስ ሰምቻለሁ። ዝም አታሰኙት። ደረቱን ሲመታ እጁን ያዙት፤ አጥብቃችሁ ሳይሆን እንዲያው ያዙት። ውኃ ስጡት። እንጀራ የለም፤ ዳቦ ይሁን። ሦስት ሌሊት ተራ ገብታችሁ እደሩለት። ምን እንደምትሉት ካጣችሁ ምንም አትበሉ።

ከአገራችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ይሁን። እባካችሁ።

የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ፤ የምሰጣችሁ የለኝም። ባሕር ዳር ከመጣችሁ ቤቴ ቤታችሁ ነው።

ጽጌ

*

ላይፕዚግ፣ ኅዳር 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

እታለም ጽጌ፣

እሑድ ኅዳር 2 ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ በሬ ተንኳኳ። ከፈትሁ። ደረጃው ላይ ስድስቱም ቆመዋል። ፎግት ከፊት ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል። ማንም ሰላም አላለኝም። ሦስት ሳምንት ሰላምታ ያስተማርኋቸው ሰዎች አፋቸውን ዘግተው ቆሙ። ያን ጊዜ አወቅሁ።

«ይቀመጡ፣ መምህር» አለኝ ፎግት።

አልቀመጥም ልል ነበር። ሁለቱ መካኒኮች ግራና ቀኝ ይዘው አልጋዬ ላይ አስቀመጡኝ፤ በሦስታችን ክብደት አልጋው ጮኸ። ፎግት ፊቴ ቆሞ ጀመረ። «መምህር፣ አባትዎ የኔታ ወልደ ሐዋርያት አርፈዋል። ነሐሴ 8 ቀን፣ በቤታቸው፣» አለና ቀጣዩ ጠፋበት። ፊቱ ቀላ። ክሪስታ ልትነግረው አፏን ስትከፍት እጁን አንሥቶ ከለከላት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረ። አባቴ ሁለት ጊዜ ሞቱ፣ እታለም።

ጮኽሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ከታች ያለችው ጎረቤቴ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ደበደበች፤ ቀጥላ ልትሳደብ ወጣች። ክሪስታ በር ላይ ጠብቃ የሆነ ነገር ነገረቻት። ሴትዮዋ ወረደች፤ ድንች የተቀቀለበት ድስት ይዛ ተመለሰች፤ ከኩሽናው ደፍ ላይ ተቀመጠች። ስሜን እንኳ አታውቅም። እስኪረፍድ ተቀመጠች።

ሦስት ሌሊት በተራ አደሩልኝ። በሁለተኛው ሌሊት ተራው የአንዱ ሐኪም ነበር፤ ያ «ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ይህ ሁሉ ሰው?» ያለው። ወንበሩን ወደ አልጋዬ ጠጋ አደረገና፣ «ከብቱ ደኅና ነው?» አለኝ።

«ደኅና ነው» አልሁት።

«አዝመራው?»

«ደኅና ነው።»

እንዲሁ ስንባባል ነጋ።

የእናቴን የተረዳሁ ዕለት ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰው እየገፋኝ ያልፍ ነበር። ይህን የምጽፍልሽ ያደረግሽልኝን እንዳወቅሁ እንድታውቂ ነው። አመሰግንሻለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ልጻፍ። ፎግት ነሐሴ 8 አለኝ። ያንቺ ደብዳቤ ነሐሴ 9 ይላል። «የኔታ ደኅና ናቸው፤ ሰላም ይሉሃል» ይላል። አባቴ ከተቀበሩ አንድ ሌሊት ነው። ያን ቃል የጻፍሽበት እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው? ሦስት ወር አባት ያለው ሰው ሆኜ ሠርቻለሁ፤ በስማቸው ቀልድ አውርቻለሁ። ተቆጥቼሻለሁ፣ እታለም። ማመስገኔም መቆጣቴም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋልኝም።

ሰው ነግሮኛል፤ አሁን ወረቀት ይችለዋል። ሁሉንም እንደ ሆነው ጻፊልኝ። ለምን ዝም አልሽ? እንዴት አረፉ? ማን ተገኘ? በማግሥቱ ጠዋትስ ምን አደረግሽ? እሱን ሳትዘይ ጻፊው።

አንዳርጋቸው

*

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1977 ዓ.ም.
ዕለቱ ዓርብ። ጠዋት ብርድ ነበር፤ አሁን ሰማዩ ጥርት ብሏል። የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሙሉነሽን ዛሬ ብቻዬን ልሁን ብያት ሄዳለች።

ለወንድም ዓለም አንዳርጋቸው፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። ይህን ቃል በእጄ ለመጻፍ አራት ወር ጠብቄአለሁ።

ቁጣህ ተገቢ ነው። ልመልስ አልሞክርም። የጠየቅኸኝን ብቻ እጽፋለሁ።

ሳሉ የጀመራቸው በዐቢይ ጾም ነው። ከፋሲካ በኋላ ደም ቀላቀለበት። ሆስፒታል ወሰድኋቸው፤ ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶ ነገረኝ። በመንገድ ስንመለስ «ምን አለሽ?» አሉኝ። «ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል አለ» አልሁ። «እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ ረጅም ዕረፍት» አሉ። ከዚያ ቆም ብለው፣ «ለልጁ እንዳትጽፊ። ታመዋል ብለሽ ከጻፍሽ በየቀኑ ሲገድለኝ ይኖራል» አሉኝ። ደኅና ናቸው ብዬ መዋሸት አልቻልሁም፤ ታመዋል ማለት ተከልክያለሁ። ስለዚህ ዝም አልሁ። የዝምታዬ ምክንያት ይኸው ነው።

የተማሪዎችህን ገጾች በእውነት አንብቤላቸዋለሁ። በሰኔና በሐምሌ፣ ሲበረቱ አንድ፣ ሲበረቱ አንድ። ጋደም ብለው ያርማሉ። የፎግትን በእውነት ወደዱት። «ይህ ሰውዬ የሚጽፈው ርስት እንደሚለካ ሰው ነው፤ ከድንበሩ አያልፍም» አሉ። በዚያ ደብዳቤዬ ውስጥ ስለ ገጾቹ ያልሁት ውሸት የለበትም።

ማክሰኞ ነሐሴ 8 ቀን ሊነጋጋ ሲል አረፉ። ይዘንብ ነበር። የተገኙት፦ እኔ፣ ሙሉነሽ፣ አባ ገብረ መስቀል። አባ ገብረ መስቀል ከቁንዝላ የመጡት ከሦስት ቀን በፊት ነው፤ ሥጋ ወደሙ አቀብለዋቸዋል። ያን ሌሊት ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይናቸውን ገለጡና፣ «መብራቱን ማን አጠፋው?» አሉ። መብራቱ በርቶ ነበር። አባ ገብረ መስቀል «እኔ ነኝ የኔታ» አሏቸው። «ደግ አደረግህ» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ይበልጥ የሚሻል ቃል ቢኖር በጻፍሁልህ ነበር፤ የተናገሩት ግን ይህን ነው።

የእድሩ ጥሩምባ በዝናብ ተነፋ። ከሰባታሚት ድረስ ሰው መጣ። የተማሪ ተማሪዎቻቸው ነን የሚሉ፣ የማላውቃቸው ካህናት ብዙ ነበሩ። በዘጠኝ ሰዓት ተቀበሩ። ጉድጓዱ ውስጥ ውኃ ገብቶ ስለ ነበር ወንዶቹ በጣሳ ቀዱት። ጉድጓዱ ደርቆ ነው የገቡት፤ ይህን አይቻለሁ።

የበጠሰኝ ነገር ያለው ከዚህ በፊት ነው። የሐምሌው ደብዳቤህ ሊያርፉ አንድ ቀን ሲቀራቸው ደረሰኝ። ሰኞ አነበብሁት፤ ማክሰኞ እሳቸው አረፉ። ከቀብር ስንመለስ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ እኔ ቀን እቆጥራለሁ። ደብዳቤ ሃያ ቀን፣ ሃያ አምስት ቀን ይፈጃል። ዛሬ ካልተጻፈ እስከ መስከረም መባቻ አይደርስህም። አንተ ለቀበሌው ቴሌግራም ትልካለህ። የቀበሌው ጸሐፊ ክፉ ሰው አይደለም፤ የተጠየቀውን ይመልሳል። «አባትህ ሞተዋል» የምትል ወረቀት ትደርስሃለች፤ አሁንም ብቻህን፣ አሁንም ቆመህ።

በማግሥቱ ጠዋት ያደረግሁት ይህ ነው።

ረቡዕ ነሐሴ 9 ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ያደሩት ሴቶች ተኝተው ነበር። ወደ ጓዳ ገባሁ፤ የዱቄት ማድጋው ክዳን ላይ ወረቀት ዘረጋሁ። «ደኅና ናቸው» የሚለውን ጽፌ ቀደድሁት። እንደገና ጽፌ ቀደድሁት። በሦስተኛው ተውሁት። የተገኙትን መጻፍ ስጀምር እጄ ቆመ፤ ዘለልሁት። ወረቀቱን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትሁ።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ እንደ ለበስሁ በጓሮ በኩል ወጣሁ። ሐዘንተኛ በሦስቱ ቀን ከቤት አይወጣም፤ ሰው እንዳያየኝ በሐይቁ ዳር ዞርሁ። ፖስታ ቤቱ አልተከፈተም ነበር። ደጃፉ ላይ፣ ከጣራው ጠብታ ሥር፣ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምሁ። ቴምብር የሚሸጠው ልጅ የተላጨ ራሴን አየና፣ «ምነው እትዬ፣ ማን ሞተብዎ?» አለኝ።

«ማንም» አልሁት።

ቴምብሩን ለጠፍሁ። ፖስታውን ሳጥኑ ውስጥ ጣልሁት፤ እጄን ወደ ውስጥ ሰድጄ መውደቁን አረጋገጥሁ። በመጣሁበት መንገድ ተመለስሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ተነሥተው ነበር፤ «የት ነበርሽ?» አሉኝ። «ውኃ ልቀዳ ሄጄ» አልሁ። ባዶ እጄን ነበርሁ። ሙሉነሽ እጄን አየች፤ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥሁ። ለየኔታ ያለቀስሁት ከዚያ በኋላ ነው።